«ዳቦና ሰርከስ» ስትሉ፣ የማንን ዳቦ ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ፀጉሬን ልስተካከል ገብቼ ተራዬን እየጠበቅሁ ነው። ቤቱ ጢም ብሏል። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን የእንግሊዝ ኳስ ያሳያል፤ ግማሹ ሰው ለመስተካከል የመጣ አይመስልም። አጠገቤ ቦምቦሊኖ የሚበላ ወጣት ዞር አለና «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ እኮ ዳቦና ሰርከስ ነው» አለኝ። ደስ አለኝ። የሚያነብ ልጅ ነው ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁት። «ሮማውያን ሕዝቡን የሚያደነዝዙት በሰርከስ ነበር። ሲገለባበጡ፣ ገመድ ላይ ሲሄዱ እያሳዩ። ኔሮ ነው ያለው» ብሎ ጨረሰው።

በአንድ ትንፋሽ ሁለት ስህተት። ሦስተኛም አለ፤ እሱ ግን የልጁ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቻችን ነው። ወንበሩ ስለደረሰኝ ያኔ አልተከራከርኩም። ምላጭ ማጅራቴ ላይ እያለ ክርክር አልወድም። እዚህ ልጨርሰው።

ንጉሠ ነገሥቱ ኔሮ አላለውም። ያለው ጁቬናል የሚባል ሮማዊ ገጣሚ ነው፤ በ2ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ፣ በአሥረኛው የስላቅ ግጥሙ። ሰርከሱም የምናውቀው ሰርከስ አይደለም። እኛ «ሰርከስ» ሲባል ቶሎ የሚታየን ትከሻ ለትከሻ የሚደራረቡት ልጆች ናቸው። አይፈረድብንም። የሮማው ሰርከስ ግን የሰረገላ መሽቀዳደሚያ ሜዳ ነው። ሰርከስ ማክሲመስ የሚባለው ትልቁ ሜዳ፣ ጸሐፊው ፕሊኒ እንደሚለው፣ 250 ሺህ ሰው ይይዝ ነበር። አራት ፈረስ የተጠመደበት ሰረገላ ሜዳውን ሰባት ጊዜ ይዞራል። ቡድኖቹ የሚጠሩት በቀለም ነው፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። ዛሬ አንዱ «እኔ አርሴናል ነኝ» እንደሚለው የሮማ ሰው «እኔ አረንጓዴ ነኝ» ይል ነበር። ዲዮክሌስ የሚባል ሰረገላ ነጂ በ24 ዓመት ውስጥ 4,257 ጊዜ ተወዳድሮ 1,462 ጊዜ አሸንፏል። ይህን ሁሉ ቆጥረው ድንጋይ ላይ ቀርጸውለታል። የእኛ የኳስ ተንታኞች እንኳን እንዲህ አይቆጥሩም። ጁቬናል ራሱ በሌላ ግጥሙ ላይ፣ ከሜዳው የሚመጣው ጩኸት ጆሮውን ሲመታው አረንጓዴዎቹ ማሸነፋቸውን እንዳወቀ ይነግረናል።

ስለዚህ ልጁ ጣቱን የቀሰረው ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው። ኳሱ ሰርከስ ነው። ሰርከሱን እዚህ ልተወው። እኔን የሚያንገበግበኝ ዳቦው ነው።

ጁቬናል «ዳቦ» ይበል እንጂ በእሱ ዘመን የሮማ ሰው ከመንግሥት ዳቦ አይቀበልም ነበር። የሚሰፈርለት ስንዴ ነው። ነገሩ የተጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ123 ጋይዩስ ግራኩስ ስንዴ ለከተማው ሕዝብ በቅናሽ እንዲሸጥ ሕግ ሲያወጣ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ከክርስቶስ ልደት በፊት በ58 ደግሞ ክሎዲየስ የሚባል ፖለቲከኛ ጭራሽ በነፃ አደረገው። ተቀባዩ በዝቶ በዝቶ 320 ሺህ ሲደርስ ዩልየስ ቄሣር ወደ 150 ሺህ አወረደው። በንጉሠ ነገሥቱ በአውግስጦስ ጊዜ 200 ሺህ ገደማ ላይ ረጋ። የተጋገረ ዳቦ መታደል የጀመረው አውሬሊያን በሚባል ንጉሠ ነገሥት ዘመን፣ ከ270 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ጁቬናል ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው።

እና በጁቬናል ጊዜ ድሃው ስንዴውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያስፈጫል። ያስጋግራል። የአንድ ሰው የወር ድርሻ አምስት ሞዲየስ ነው፤ 33 ኪሎ ገደማ። ሞዲየስ ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። ታውቁታላችሁ። ማቴዎስ ወንጌል ላይ መብራት አብርቶ ከእንቅብ በታች የሚያኖር የለም የሚለው ቦታ፣ የግሪኩ ቃል ሞዲዮስ ነው፤ ይኸው የሮማውያኑ መስፈሪያ። የእኛ ተርጓሚዎች እንቅብ አሉት። ደግ አደረጉ። የሮማ ድሃ በወር አምስት እንቅብ ስንዴ ይሰፈርለት ነበር ብንል እናታችንም አያታችንም ይገባቸዋል።

እንቅብ ካነሣሁ ደግሞ አውድማ ሳልደርስ አልመለስም።

ያደግሁት ወሎ ነው። ከሰፈራችን ቁልቁል የሚወርደው ወንዝ በሽሎ ይገባል፤ በሽሎ ደግሞ አባይ። ጥር ላይ አውድማው በእበት ይለቀለቅና ሲደርቅ ልክ እንደ ምጣድ ይለሰልሳል። ነዶው ይበተናል፣ በሬዎቹ ይገባሉ፣ ዙሩ ይጀመራል። የእኔ ሥራ አንድ ነበር። ጭብጥ ገለባ ይዤ ከበሬዎቹ ኋላ መከተል። በሬው ጭራውን ቀና ሲያደርግ እሮጣለሁ። እበቱ ስንዴው ላይ ሳይወድቅ በገለባው መቅለብ ነው። አንድ ቀን አሞራ ሳይ ዘገየሁ። አያቴ አልተቆጡም። እበቱን ከነስንዴው ዘግነው እጄ ላይ አስቀመጡና «በል ፍሬውን ልቀም» አሉኝ። እስኪመሽ ለቀምኩ። ከዚያ ወዲህ አሞራ አይቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሣ ምርቱ በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ ይበተናል። ገለባው ይበርራል፣ ፍሬው እግራችን ሥር ይቆለላል። ጮክ ብሎ መቁጠር አይቻልም፤ በረከቱ ይነሣል። አያቴ ግን ጮክ ብሎ የሚቆጥር ሰው ያውቁ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የባለመሬቱ ሰው የራሱን ቁና ይዞ አውድማ ድረስ ይመጣ ነበር። «የሱ ቁና ሆዱ ሰፊ ነው» ይሉ ነበር አያቴ። ሌላ ምንም አይጨምሩም።

የሮማ እንቅብ የሚሞላው ከእንዲህ ያለ አውድማ ነው። ሲሲሊ አለች። ካርታጎ ዙሪያ ያለው ሰሜን አፍሪካ አለ። ግብፅ አለች። ታሪክ ጸሐፊው ፍላቪየስ ዮሴፍ ሰሜን አፍሪካ የሮማን ሕዝብ በዓመት ስምንት ወር፣ ግብፅ ደግሞ አራት ወር እንደሚቀልቡ ጽፏል። ወደ ግብፁ አውድማ ጠጋ በሉ። እኛ ጋ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ይወርዳል። አባይና ተከዜ ደለሉን ጠርገው ይሄዳሉ። የግብፅ ሜዳ በጎርፍ ይሸፈናል፤ ውኃው ሲሸሽ ገበሬው ጭቃው ላይ ይዘራል። በጸደይ ያጭዳል፣ ያበራያል። ከዚያ ግብሩን በዓይነት ወስዶ የመንግሥት ጎተራ ላይ ያስፈራል። ደረሰኝ በፓፒረስ ይጻፍለታል። ስንዴው በአህያ ወደ ወንዙ፣ በጀልባ ወደ እስክንድርያ። መንገድ ላይ አፈር እንዳይቀላቀልበት ናሙናው በትንሽ ማሰሮ ታሽጎ አብሮ ይጓዛል። የሚሰፍረው ሰው ቁና ሆዱ ሰፊ ይሁን ጠባብ ፓፒረሱ ላይ አልተጻፈም፤ አያቴን ብጠይቃቸው ግን አይሳሳቱም ነበር።

«አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ግንዱ ምን አላት። አፈሩ ነው እንጂ። ከግብፅ የመጣውን ስንዴ የበላ የሮማ ድሃ በከፊል የእኛን አፈር ነው የበላው ብል አላጋነንኩም።

ታዲያ ይህ ስንዴ ባሕር ተሻግሮ የሚደርሰው ባሕሩ ሰላም ሲሆን ነው። «የሮማ ሰላም» የሚባለው ዘመን እዚህ ጋ ይገባል። ከአውግስጦስ ጀምሮ ንጉሠ ነገሥቱ ማርቆስ አውሬሊዮስ እስከሞተበት እስከ 180 ዓ.ም. ድረስ፣ ሁለት መቶ ዓመት። አውግስጦስ ያው ሉቃስ ወንጌል ላይ ሕዝብ እንዲቆጠር ያዘዘው ቄሣር ነው። ሰላሙ ለሁሉም ሰላም አልነበረም፤ ዳር አገር ያለውን ብትጠይቁት ሌላ ነው የሚያወራው። ለመርከበኛ ግን የምር ነበር። በ14 ዓ.ም. አውግስጦስ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው በፑቲዮሉስ ባሕር ዳር ሲያልፍ ከእስክንድርያ ገና የገባ መርከብ ሰዎች አዩት። ነጭ ለብሰው፣ አበባ ጉንጉን ደፍተው፣ ዕጣን እያጤሱ አመሰገኑት። በአንተ እንኖራለን፣ በአንተ ባሕር እንሻገራለን፣ ነፃነታችንም ሀብታችንም በአንተ ነው አሉት። ሽማግሌው ደስ ብሎት አብረውት ላሉት ሰዎች ለያንዳንዳቸው 40 የወርቅ ሳንቲም ሰጠ፤ የእስክንድርያ ዕቃ እንዲገዙበት ብቻ አስምሎ። ፑቲዮሉስ ማለት ጳውሎስ በእስክንድርያ መርከብ የደረሰባት ወደብ ናት። ከዚያ በፊት ማልታ ላይ የተሰበረችውም መርከብ የእስክንድርያ ናት፤ 276 ነፍስ ይዛለች፣ እንድትቀልል ወደ ባሕር የጣሉትም ስንዴ ነው። የሐዋርያት ሥራ 27ን እንደገና አንብቡት። የስንዴ መርከብ ታሪክ ነው።

ሰላሙ የቆመው በዚያ ስንዴ ላይ መሆኑን ነገሥታቱ ያውቁ ነበር። አውግስጦስ ማንም የሮማ ሴናተር ያለ ፈቃድ ግብፅ እንዳይረግጥ ከለከለ። በ51 ዓ.ም. እህል ጠፍቶ ከተማው ውስጥ የ15 ቀን ቀለብ ሲቀር ሕዝቡ ንጉሠ ነገሥቱን ክላውዲየስን አደባባይ ላይ ከቦ በዳቦ ቁራሽ ወገረው። ቁራሽ ከየት አመጡ እንዳትሉኝ፤ እኔም ገርሞኛል።

አሁን የራሴን ግምት ልናገር። ጁቬናል በዘመኑ የሚታደለው ስንዴ ሆኖ ሳለ ለምን «ዳቦ» አለ? ለግጥሙ ምት ስለተመቸው ነው የሚል ይኖራል። ይበል። እኔ ግን ሆን ብሎ ነው እላለሁ። ሰውዬው ግብፅን በዓይኑ እንዳየ በ15ኛው ግጥሙ ላይ ራሱ ይናገራል፤ ወደዚያ ተግዞ ነበር የሚል የቆየ ወሬም አለ። አውድማ ዳር ቆሞ በሬዎቹ ሲዞሩ አይቷል፤ ገበሬው የለፋበት ሲሰፈርበት አይቷል። ከዚያ ሮማ ሲመለስ የከተማው ሰው «ዳቦ» ይላል። ስንዴ አይልም፣ በሬ አይልም፣ እበት አይልም። ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል። ግጥሙ ላይ ያለው ምሬት የዚህ ሰው ምሬት ነው ባይ ነኝ። ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ ያለኝ ይቺው ናት። የእበቱ ነገር ደግሞ የእኔ ጭማሪ ነው።

ወደ ሦስተኛው ስህተት ልምጣ። እኛ «ዳቦና ሰርከስ» የምንለው መንግሥትን ለመስደብ ነው። ኮንሰርት ሲዘጋጅ ዳቦና ሰርከስ። ፓርክ ሲመረቅ ዳቦና ሰርከስ። የበዓል ባዛር ሲከፈት ሰው «ዳቦና ሰርከስ» ሲል ሰምቻለሁ፤ እሱ እንኳ በገዛ ገንዘቡ ነው የሚበላው። ጁቬናል የሰደበው ግን ሕዝቡን ነው። ቦታው ላይ የሚተርከው ስለ ሴጃኖስ ነው፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ ኃያል ነበር፣ በ31 ዓ.ም. በአንድ ቀን ወደቀ። የነሐስ ሐውልቱን አቅልጠው ድስት፣ ሳህን፣ መጥበሻና ፖፖ ሠሩበት። ሕዝቡም ትናንት ያጨበጨበለትን ሬሳ ሲጎተት እየሳቀ ያያል። ገጣሚው እዚያ ላይ ነው የሚመርረው። ድምፃችንን መሸጥ ከቀረ ወዲህ ይህ ሕዝብ ግድ የለውም ይላል፤ ድሮ ሥልጣኑንም ጦሩንም ሁሉንም የሚሰጥ የነበረው፣ አሁን ተሰብስቦ ተቀምጦ ሁለት ነገር ብቻ ይመኛል። ዳቦና ሰርከስ።

አማርኛው ለዚህ ቃል አያንሰውም። ሆድ አደር እንላለን። ልዩነቱ፣ እኛ ሆድ አደር የምንለው ሁልጊዜ ሌላውን ሰው ነው። ጁቬናል የሚናገረው ስለ ገዛ ከተማው ነው፤ እዚያው ሰልፍ ላይ፣ እዚያው ሜዳ ዳር ስላሉ ጎረቤቶቹ። አባባሉን የምትጠቀሙ ሰዎች እባካችሁ ይቺን አትዝለሏት። ከዘለላችኋት ተራ አሽሙር ነው የምትሆነው፤ አሽሙር ደግሞ በቂ አለን።

እኔ ወንበሩ ላይ ሆኜ ልጁን በመስታወት አየው ነበር። በ80ኛው ደቂቃ ጎል ገባ። ከቤቱ ሁሉ ቀድሞ የዘለለው እሱ ነው። ግማሽ ቦምቦሊኖው ከእጁ አምልጦ ከተቆረጠ ፀጉር መሐል ወደቀ፣ በእግሩ ወደ ጥግ ገፋው። አያቴ ቢኖሩ ያስለቅሙት ነበር።