ሳይቤሪያ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ናት?

ሳይቤሪያ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን በረዶና የግዞት ካምፕ ነው። ግዞቱ ታሪክ ነው፤ ብርዱም ውሸት አይደለም። ስለ መሬቱ የሚወራው ግን ማጣሪያ ይፈልጋል።

«ዓመቱን ሙሉ በረዶ ነው» ይባላል። ቨርኾያንስክ የምትባለውን ትንሽ ከተማ እንያት። እ.ኤ.አ. በ1892 ከዜሮ በታች 67.8 ዲግሪ ተመዝግቦባታል። በሰኔ 2020 ደግሞ 38 ዲግሪ ገባች። ድሬዳዋ በሉት!

«በረዶ ሲዘንብ ይውላል» የሚለውም ልክ አይደለም። በያኩትስክ ከተማ በዓመት የሚወርደው ዝናብና በረዶ ተደምሮ የአዲስ አበባን ዝናብ ሩብ አይሞላም። በረዶው ብዙ የሚመስለው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ስለማይቀልጥ ነው።

ዝናቡም በረዶውም ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ፣ ታዲያ ሳይቤሪያን የሞላው ረግረግ ከየት መጣ? ነገሩ ያለው ከእግር ሥር ነው። በሰፊው የሳይቤሪያ ክፍል መሬቱ እስከ ጥልቁ ድረስ በጋ ከክረምት በረዶ ሆኖ ይኖራል። ሙቀት ሲመጣ የሚቀልጠው የላይኛው ንጣፍ ብቻ ነው። ውሃው መስረጊያ ያጣና እዚያው ይተኛል፤ ትንኙም በዚያው ይፈላል። ያኩትስክ ውስጥ ፎቆቹ የቆሙት በኮንክሪት እግር ላይ ነው፤ ከሥራቸው ቀዝቃዛ አየር እንደ ልቡ ያልፋል። ያለዚያ የቤቱ ሙቀት መሬቱን ያቀልጠዋል፣ ግድግዳውም ይሰነጠቃል። የማሞቂያ ቧንቧም አይቀበርም። ከመሬት በላይ ይሄድና መንገድ ሲያጋጥመው ሽቅብ ወጥቶ፣ መኪና በሥሩ አሳልፎ፣ ማዶ ይወርዳል።

«ሰው አይኖርባትም»? ኖቮሲቢርስክ ብቻዋን ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ አላት።

የሳይቤሪያውን ባይካል ሐይቅ በስፋቱ የዓለም አንደኛ የሚያደርጉትም አሉ። በስፋት ቪክቶሪያ ሐይቅ እጥፉ ነው። የባይካል ጉድ ጥልቀቱ ነው፦ 1,642 ሜትር። በምድር ገጽ ላይ ካለው፣ በረዶ ካልሆነ ጨው አልባ ውሃ አንድ አምስተኛው ገደማ እዚያ ተጠራቅሟል። ምክንያቱ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ እንደኛው ስምጥ ሸለቆ መሬቱ እየተላቀቀ የሰመጠበት ቦታ ነው።

የመጨረሻው «በረዶው መቅለጥ ሲጀምር እፎይ ይባላል» የሚለው ነው። ትልልቆቹ ወንዞች፣ ኦብ፣ የኒሴይና ሌና፣ የሚፈሱት ወደ ሰሜን ነው። ደቡቡ ቀድሞ ይቀልጣል፣ ሰሜኑ ገና በረዶ ነው። ጎርፉ የበረዶ ስብርባሪ እየገፋ መጥቶ መውጫ ያጣል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2001 ሌና ወንዝ ሌንስክ ከተማን ያጥለቀለቀው እንዲህ ሆኖ ነው። የተቆለለውን በረዶ ለመስበር ከአውሮፕላን ቦምብ እስከ መጣል ተደርሷል።