ዓይኑ በርቶለት ጨርቁን ያልፈታው ንጉሥ

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ። ዛሬ ስለ አንድ ጨርቅ ላጫውታችሁ።

በምዕራብ ኮሶቮ፣ ተራራ ሥር፣ ዴቻኒ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሰርቢያ ኦርቶዶክስ ገዳም አለ። በቅዳሴ አንድ አይደለንም፣ እሱን አውቃለሁ፤ ታሪኩ ግን ልቤን ነክቶኛል። ገዳሙን በ1327 እ.ኤ.አ. ማሠራት የጀመረው የሰርቢያው ንጉሥ ስቴፋን ነው፣ በዚሁ ገዳም "ዴቻንስኪ" ተባለ።

ስቴፋን ከመንገሡ በፊት በአባቱ በንጉሥ ሚሉቲን ላይ ተነሣና ተሸነፈ። አባትየው ዓይኑን እንዲያጠፉት አዘዘ፣ ወደ ቁስጥንጥንያም አጋዘው። ገድሉ እንደሚለው በመንገድ ላይ ሌሊት ቅዱስ ኒቆላዎስ (እኛም በስንክሳር የምናስበው የሜራው ጳጳስ) ተገለጠለት፣ ዓይኖቹን በመዳፉ ይዞ አይዞህ አለው። ከዓመታት በኋላ በስደት ባለበት ገዳም፣ ሌሊቱን ሲጸልዩ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው ቅዱሱ ዳግመኛ መጣና ዓይኑን አበራለት።

ነቃ። አየ። ዓይኑ የታሰረበትን ጨርቅ ግን አልፈታውም!

እያየ እንደማያይ ሆኖ ዓመታት ኖረ። በ1320 አባቱ ይቅር ብሎት ወደ አገሩ ሲመለስም ዓይኑ እንደታሰረ ነበር። የፈታው አባቱ ከሞተ በኋላ ነው። የታሪክ ሰዎች መጀመሪያውንም ዓይኑ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ አባቱን ፈርቶ ነው የደበቀው ይላሉ። ይሆናል። ግን ፍርሃትስ ቢሆን፣ ተአምር ተደርጎልህ ያን ያህል ጊዜ አፍህን መያዝ ቀላል ነው እንዴ? ጌታችንም ለምጻሙን ካነጻው በኋላ ለማንም እንዳትናገር ብሎታል።

እኔ አንዴ የለመንኩት ነገር ሲደረግልኝ መጀመሪያ ያነሣሁት ስልኬን ነበር። ገና "ተመስገን" ሳልል ለሦስት ሰው ደውያለሁ። ማታ ልጸልይ ስቆም የምናገረው አለቀብኝ፤ ሁሉንም ቀን አውርቼው!

ስቴፋን እንከን የሌለበት ሰው ነበር እያልኩ አይደለም። ለዙፋኑ ከወንድሙ ጋር ተዋግቷል፣ ወንድሙም ሞቷል። በ1331 ደግሞ የገዛ ልጁ ዱሻን ከዙፋን አወረደው፣ በዚያው ዓመት በእስር ላይ ሳለ ሞተ። ቤተ ክርስቲያኑን ያስጨረሰው ያው ልጅ ነው።

አሁን ዐፅሙ እዚያው ከመቅደሱ ፊት ለፊት በእንጨት ሣጥን ውስጥ አለ። ከውጭ የኔቶ ወታደሮች ገዳሙን ይጠብቃሉ። ሐሙስ ማታ ሣጥኑ ይከፈታል፣ መነኮሳቱ ይዘምራሉ፣ የታመመ ሰው ጎንበስ ብሎ ይሳለማል። ምን እንደለመነ የሚጠይቀው የለም።