ፈረንሳይን በብስክሌትና በባቡር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ፈረንሳይ ሳይረግጥ አንዲት የፈረንሳይኛ ቃል ያውቃል፤ ለገሀር። «ላ ጋር» ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ከጂቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ ቃሉም አብሮ ገባ። እዚያው አገሩ ላይ ብስክሌት እየገፋ «ላ ጋር» በር ላይ የሚቆም መንገደኛ ግን የሰማው ወሬ ይጋጭበታል። አንዱ «በነጻ ጭነውኛል» ይላል፤ ሌላው «ብስክሌቴን አይተው ከበር መለሱኝ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ የተሳፈሩት ባቡር ግን አንድ አይደለም። ከታች ያሉት አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመነጩት ከዚህ ነው። (ሰዓቱም ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ በፈረንሳይ አቆጣጠር ነው።)

«ባቡር ያው ባቡር ነው፤ አንዱ ከጫነ ሌላውም ይጭናል»

አይጭንም። መለየት ያለባችሁ አራት ዓይነት ባቡር ነው።

ቲኢአር የሚባለው የክልል ባቡር የብስክሌተኛ ወዳጅ ነው። በየከተማው ይቆማል፣ ብስክሌት ሳይፈታ ይገባል፣ በአብዛኛውም አያስከፍልም። ነገር ግን ደንቡን የሚያወጣው ክልሉ ነው። በአንዳንዱ ክልል፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ የብስክሌት ቦታ አስቀድሞ ማስያዝና ትንሽ መክፈል ግድ ነው። ጎረቤቱ ክልል ቀድሞ ለመጣ ቀድሞ ይሰጣል። ስለዚህ ከአንድ ክልል ወደ ሌላ ስትሻገሩ ትናንት የሠራው ደንብ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ሁሉንም የሚያሽከረክረው የመንግሥቱ የባቡር ድርጅት ኤስኤንሲኤፍ ነው ማለትም ቀርቷል፤ የማርሴይ–ቱሎን–ኒስ መስመር ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ በሌላ ኩባንያ እጅ ነው።

ኢንተርሲቴ መካከለኛ ርቀት የሚሄድ ነው፤ ለምሳሌ ከቦርዶ በቱሉዝ በኩል ማርሴይ። ያልተፈታ ብስክሌት ይጭናል፤ ቦታ ማስያዝ ግዴታ ነው።

ፈጣኑ ቲጂቪ (ጣቢያ ውስጥ «ቴዤቬ» ሲሉ የምትሰሙት) በአንዳንድ መስመሮች ብቻ ጥቂት የብስክሌት ቦታ አለው። በአንድ ባቡር ሁለት ወይም አራት ቢገኝ ነው፤ ዋጋው ብዙውን ጊዜ 10 ዩሮ። እዚህ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት በቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ለራሳቸው ርካሽ ትኬት ይገዙና ብስክሌቱን በኋላ ለመጨመር ሲሞክሩ ቦታው አልቋል፤ ወይም ያ ባቡር ከነጭራሹ የብስክሌት ቦታ የለውም። ትኬት ስትፈልጉ ከመነሻው፣ የተሳፋሪ ቁጥር በምትሞሉበት ቦታ፣ «ያልተፈታ ብስክሌት» የሚለውን ጨምሩ። ያን ጊዜ የሚታያችሁ ብስክሌት የሚጭነው ባቡር ብቻ ነው።

አራተኛው፣ ርካሹ ዊጎ ቲጂቪ፣ ያልተፈታ ብስክሌት ፈጽሞ አይቀበልም።

«ፈትቼ ቦርሳ ውስጥ ካስገባሁት ማንም አይጠይቀኝም»

ይጠየቃል። ቲጂቪ ላይ የታሸገ ብስክሌት ልኩ 130 በ90 በ50 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ ካለፈ ወይም መተላለፊያ ከዘጋ ያስቀጣል። የፊት ጎማ ብቻ አውጥቶ «ገባልኝ» የሚል ብዙ ነው። ችግሩ አንድ ደህና ቁመት ያለው ብስክሌት የኋላ ጎማው ካልወጣ ርዝመቱ 130ውን ይነካል ወይም ያልፋል።

ሥራው እንዲህ ነው። ማርሹን ትንሿ ጥርስ ላይ አድርጉ፤ የኋላ ጎማ ያኔ በቀላሉ ይወጣል። ሁለቱንም ጎማ አውጡ። ፔዳል በ15 ቁጥር መፍቻ ወይም በብሩጎላ ይፈታል፤ የቀኙ እንደ ማንኛውም ብሎን፣ የግራው ግን በተቃራኒው። ይህን የረሳ ሰው የሚፈታ መስሎት እያጠበቀው ጣቢያው ወለል ላይ ላብ በላብ ይሆናል። መሪውን ከሹካው ጋር አዙሩት፣ ኮርቻውን ዝቅ አድርጉ፣ ጎማዎቹን በፍሬሙ ግራና ቀኝ እሰሩ፣ በመካከሉ ጨርቅ ወይም ካርቶን አስገቡ። ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ዲስክ ከሆነ ጎማው ከወጣ በኋላ በሁለቱ ሸራዎች መካከል ወፈር ያለ ካርቶን ይግባ። ሳታስቡት መያዣውን ብትጨብጡት ሸራዎቹ ይገጥሙና ስትወርዱ ዲስኩ አይገባም። ቦርሳው ላይ ስማችሁን ጻፉበት፤ ስም የሌለው ሻንጣ አይፈቀድም።

ለጀማሪ ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ቀስ ብሎ የሚሄደውን ቲኢአር መያዝ ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

«ቦታ ከያዝኩ ቀሪው ቀላል ነው»

ፈተናው ባቡሩ የሚቆምበት መሳፈሪያ ላይ ነው። የብስክሌት ቦታ በባቡሩ አንድ ጫፍ ወይም በተወሰኑ ፉርጎዎች ብቻ ይገኛል፤ በሩ ላይ የብስክሌት ሥዕል አለ። የፉርጎዎቹን አሰላለፍ የሚያሳይ ሰሌዳ ካለ ቀድማችሁ እዩት። ያለዚያ ባቡሩ ገብቶ ከቆመ በኋላ 200 ሜትር ብስክሌት እየገፉ መሮጥ ይመጣል። የጎን ቦርሳዎቹን ባቡሩ ሳይገባ አውልቁ፤ የተጫነ ብስክሌት ሦስት ደረጃ አይወጣም፣ በሩም ላይ ይሰነቀራል። በብዙ ባቡሮች ብስክሌቱ በፊት ጎማው መንጠቆ ላይ ይሰቀላል። 25 ኪሎ የሚመዝን ባለባትሪ ብስክሌት ብቻውን የሚሰቅል ጥቂት ነው፤ ባትሪውን አስቀድሞ ማውለቅ ክብደቱን በሁለት ሦስት ኪሎ ይቀንሳል።

ሌላው ወጥመድ ሰሌዳው ላይ ባቡር የሚመስለው አውቶቡስ ነው። በትናንሽ መስመሮች አንዳንዱ ጉዞ በባቡር ትኬት በአውቶቡስ ይካሄዳል፤ በሰዓት ሰሌዳው ላይ የአውቶቡስ ምልክት ወይም «ካር» የሚል ቃል ይታያል። እዚያ ብስክሌት መጫኑ በሾፌሩና በሻንጣ ክፍሉ ስፋት ይወሰናል።

«ፓሪስ ላይ በሜትሮ እሻገራለሁ»

ከብራስልስ፣ ከለንደን ወይም ከአምስተርዳም የመጣ ሰው ጋር ዱ ኖር የሚባለው ጣቢያ ይወርድና ወደ ደቡብ ለመቀጠል ጋር ደ ሊዮን ወደሚባለው ሌላ ጣቢያ መሄድ አለበት። የማይታጠፍ ብስክሌት ሜትሮ አይገባም፤ ከዚህ የሚወጣው 1ኛው መስመር ብቻ ነው፣ እሱም እሑድና በዓል ቀን እስከ 16:30። አርኢአር የሚባለው የከተማ ዳር ባቡር ይወስዳል፤ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ6:30 እስከ 9:30 እና ከ16:30 እስከ 19:30 አይቻልም።

ደግሞስ ምን በወጣችሁ! ርቀቱ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቡልቫር ማዣንታን ይዞ ወደ ሬፑብሊክ፣ ከዚያ ባስቲይ፣ ከዚያ በሩ ደ ሊዮን ቀጥ ማለት ነው። ቀስ ብሎ ለሚነዳም ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ከጋር ደ ሊዮን ወደ ኦስተርሊትስ ጣቢያ ደግሞ የሴን ወንዝን ድልድይ መሻገር ብቻ ነው።

«ወንዙ ወደሚፈስበት ከነዳሁ ቁልቁለት ነው፤ ይቀለኛል»

ላ ሉዋር አ ቬሎ የሚባለው የሉዋር ወንዝ መንገድ ከኔቨር አጠገብ ካለችው ኩፊ ተነስቶ ሳን ብረቫን ሌ ፓን ላይ ባሕር እስኪነካ 900 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ሁሉ ርቀት ጠቅላላ ቁልቁለቱ 200 ሜትር አይሞላም። በአንድ ኪሎ ሜትር ሲካፈል ከስንዝር ብዙም አይበልጥም፤ እግር አያውቀውም። እግር የሚያውቀው ነፋሱን ነው፣ ነፋሱም በአብዛኛው ከአትላንቲክ፣ ከምዕራብ ይነፍሳል። እንግዲህ «ከወንዙ ጋር» የወረደ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ነፋስ ፊቱን ይመታዋል። ባቡሩን ይዞ ናንት ወይም ሳን ናዜር ወርዶ ወደ ምሥራቅ መንዳት ይሻላል። ከናንት እስከ ኦርሌዓን ባቡሩ ወንዙን ተከትሎ በአንዤ፣ በሶሙር፣ በቱር፣ በብሉዋ ስለሚያልፍ የደከመ ሰው የትም መሳፈር ይችላል።

የመንገዱ መጨረሻ ሳን ብረቫን የባቡር ጣቢያ የለውም። ጣቢያው ወንዙን ተሻግሮ ሳን ናዜር ላይ ነው፤ በመካከሉ ያለው ድልድይ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ከፍ ያለ ነው፣ ነፋሱ ይገፋል፣ ከባድ መኪና ያልፍበታል። በጎብኚ ወቅት ብስክሌት የሚያሻግር ማመላለሻ ስላለ ሰዓቱን ቀድማችሁ እዩ።

የሮን ሸለቆ ግልባጩ ነው። ሚስትራል የሚባለው ነፋስ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ሲበረታ ብስክሌት ያስቆማል። ቪያሮና የተባለውን መንገድ (ከጄኔቫ ሐይቅ እስከ ሜዲትራኒያን፣ 815 ኪሎ ሜትር) ከሊዮን ወደ አቪኞን ንዱ፣ መመለሻውን በክልል ባቡር አድርጉ። በተቃራኒው የሚሞክር ሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር የሚሄደው።

«ቦይ ዳር ስለሆነ መንገዱ ለስላሳ ነው»

በ1681 ተሠርቶ ያለቀው ካናል ዱ ሚዲ 240 ኪሎ ሜትር ነው፤ ፎቶውን ያየ ሁሉ እንደ ምንጣፍ ያስበዋል። ከቱሉዝ እስከ ፖር ሎራጌ ያለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል በእርግጥ አስፋልት ነው። የኦድን አውራጃ ድንበር ስትሻገሩ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከፊሉ ቢሻሻልም ጠጠር፣ የደረቀ የጎማ ቦይ፣ ከመሬት ብቅ ያለ የዛፍ ሥር ይመጣል። ዝናብ ከዘነበ ጭቃው መከላከያው ሥር ይጠቀጠቃል። 28 ሚሊ ሜትር ጎማ ያለው ሰው እዚህ ይሰቃያል፤ ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ያለውና አየሩ ትንሽ የቀነሰ ጎማ ግን ያለችግር ያልፋል።

ጥላውም በሁሉም ቦታ የለም። በ2006 ቦዩ ላይ የተገኘ የፈንገስ በሽታ ከዳር የተተከሉትን የፕላታን ዛፎች እያደረቀ ስለሆነ በብዙ ሺህ ተቆርጠዋል፤ ምትካቸው ገና ለጋ ነው። ሐምሌ ላይ ከቀትር በፊት መንዳት ነው። መጽናኛው የባቡር ሐዲዱ ጎን ለጎን መሄዱ ነው፦ ካስቴልኖዳሪ፣ ካርካሶን፣ ናርቦን፣ ቤዚዬ፣ አግድ፣ ሴት።

«ፈረንሳይ በብስክሌት ማለት ተራራ መውጣት ነው»

ይህ ከቱር ደ ፍራንስ የመጣ ነው። በ2016 ጽጋቡ ግርማይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሲሳተፍ፣ በ2024 ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ አረንጓዴውን ማሊያ ሲለብስ ያየ ሰው አልፕስና ፒረኔን ነው የሚያስታውሰው። ቦዮቹ፣ የወንዝ ዳር መንገዶቹና ወደ ብስክሌት መንገድ የተለወጡት አሮጌ ሐዲዶች ግን ሜዳ ናቸው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው «ቩዋ ቬርት» (አረንጓዴ መንገድ) በ1997 በዢቭሪና በክሉኒ መካከል በአሮጌ ሐዲድ ላይ ነው የተከፈተው፤ ባቡር ያልቻለውን አቀበት ብስክሌተኛም አይጠየቅም።

«ጎማ ቢፈነዳ መንገድ ላይ የሚሠራልኝ አላጣም»

እንደ እኛ አገር በየመታጠፊያው ጎሚስታ የለም። የብስክሌት ሱቅ በአብዛኛው እሑድና ሰኞ ዝግ ነው፤ በሌላውም ቀን ከ12:00 እስከ 14:00 ምሳ ነው። ቅዳሜ ማታ የተበጠሰ ካቴና እስከ ማክሰኞ ጠዋት ሊያስቀምጣችሁ ይችላል። ሁለት የውስጥ ጎማ፣ የጎማ ማውጫ፣ መለጠፊያ፣ ትንሽ ፓምፕና የካቴና ማያያዣ ያዙ። የብዙ ብስክሌት ጎማ ፕረስታ የሚባለው ቀጭን የአየር ማስገቢያ አፍ አለው፤ የነዳጅ ማደያ አየር ደግሞ ለወፍራሙ የመኪና አፍ ነው። አንዲት ትንሽ የነሐስ አስማሚ ይህን ትፈታለች።

ምግብም እንዲሁ ነው፤ እሑድ ከቀትር በኋላ መንደር ውስጥ ዳቦ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ውኃ ካለቀባችሁ ወደ መቃብር ቦታ ሂዱ። ነገሩ ይከብዳል፣ ግን ብስክሌተኛ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ሰው አበባ የሚያጠጣበት ቧንቧ በር አጠገብ ይገኛል። «ኦ ኖን ፖታብል» የሚል ከተጻፈበት አይጠጣም።

«ሄልሜት ካላደረግሁ ይቀጡኛል»

ግዴታው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ነው፤ ከመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በወላጅ ብስክሌት ላይ ለሚቀመጡትም ጭምር፤ 135 ዩሮ የሚከፍለው አዋቂው ነው። አዋቂውን ራሱን የሚያስቀጣው ጆሮ ውስጥ የገባ ማዳመጫና በእጅ የተያዘ ስልክ ነው፤ እነሱም 135። ከከተማ ውጭ በሌሊት ወይም በጉም አንጸባራቂ ሰደርያ መልበስ ግዴታ ነው።

«አድማ ከመጣ ጉዞው አለቀ»

አድማ መጥቶ ያውቃል፣ ይመጣልም። በ2007ቱ ሕግ መሠረት ግን አድማ የሚመታ የባቡር ሠራተኛ ከ48 ሰዓት በፊት ማሳወቅ ስላለበት የትኛው ባቡር እንደሚሄድ በዋዜማው ከ17:00 ጀምሮ ይታወቃል። ምሽቱን ሰሌዳውን ተመልከቱ። በእንዲህ ያለ ቀን የሚሄዱት ጥቂት ባቡሮች በሰው ይጨናነቃሉ፤ ተቆጣጣሪው መጀመሪያ የሚያስወርደው ብስክሌት ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን የንጋት ባቡር ያዙ፣ ካልሆነም ጎማችሁን ነፍታችሁ ወደሚቀጥለው ጣቢያ ንዱ።