የመሬት መንቀጥቀጥ ከ5 ወደ 6 ሲሄድ
"6 ከ5 በትንሽ ነው የሚበልጠው" ሲባል ደጋግሜ ስለሰማሁ ነው ይህን የምጽፈው። በትንሽ አይደለም። የመሬት መንቀጥቀጥ መጠን እንደ ሜትር እኩል እኩል አይጨምርም። ቁጥሩ በ1 ሲያድግ መሣሪያው የሚመዘግበው የሞገድ ከፍታ 10 እጥፍ ይሆናል፤ የሚወጣው ጉልበት ደግሞ ወደ 32 እጥፍ ይጠጋል። ከ5 ወደ 7 ቢሄድስ? 32 ሲባዛ በ32፣ ወደ 1,000 እጥፍ ማለት ነው!

የአንድ መንቀጥቀጥ መጠን፣ ማለትም 5 ወይም 6 የሚባለው ቁጥር፣ የትም ብትሆኑ አይቀየርም። የሚለያየው እናንተ ጋ የሚደርሰው ንዝረት ነው። ርቀቱ፣ ጥልቀቱና ከቤቱ ሥር ያለው አፈር ይወስኑታል። ጠንካራ ዐለት ላይ ያለው ሰው ብርጭቆው ሲንቀጫቀጭ ብቻ ይሰማል፤ በዚያው ርቀት ለስላሳ ደለል ላይ ያለው ግን ግድግዳው ሊሰነጠቅበት ይችላል። ስለዚህ "እኛ ጋ 6 ነበር" አይባልም። በየቦታው ለተሰማው ከ1 እስከ 12 የሚሄድ ሌላ መለኪያ አለ።