ፓሲንግ ምንድን ነው? ትውልድን ደብቆ ሆሊውድ የመግባት ታሪክ

በአሜሪካ የዘር ታሪክ ውስጥ ፓሲንግ የሚባለው፣ በሕግም ሆነ በኅብረተሰቡ ዘንድ ከአንድ ዘር የሚቆጠር ሰው ትውልዱን ደብቆ የሌላ ዘር ሰው ሆኖ መኖሩ ነው። ነገሩ ሲነሳ ቶሎ የሚታወሱት መልካቸው የነጣ ጥቁር አሜሪካውያን ነጭ ነን ብለው ሥራ መቀጠራቸው፣ ቤት መከራየታቸውና ትዳር መመሥረታቸው ነው። የቀድሞው ሆሊውድ ታሪክ ሲመረመር ግን ከዚህ ያላነሰ የሚያስገርም ሌላ መንገድ ይታያል፤ ነጭ ነኝ ቢል ማንም የማያምነው ጠይም ሰው፣ ሕንዳዊ ወይም ሜክሲኳዊ ወይም የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ተወላጅ ነኝ ሲል ይታመን፣ ይቀጠር፣ እንዲያውም ይወደድ ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ሊሆን የቻለው ሕጉ ራሱ ዘርን የሚለካው በዓይን በሚታይ ነገር ስላልነበረ ነው። ሆሜር ፕሌሲ ከስምንት እጅ ሰባቱ የነጭ ዘር ያለው፣ ሲያዩት ከነጭ የማይለይ ሰው ቢሆንም በ1892 በሉዊዚያና በነጮች የባቡር ፉርጎ ውስጥ ተቀምጦ ተያዘ፤ ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶም በ1896 ጥቁርና ነጭን መለያየት ሕጋዊ ነው ተብሎ ተፈረደበት። የቨርጂኒያ ግዛት በ1924 ያወጣው ሕግ ደግሞ በሐረጉ ውስጥ የጥቁር ደም ያለበትን ሰው፣ ምንም ያህል ሩቅ ቢሆን፣ ከነጭነት አስወጣው። እንግዲህ ዘር የሚታወቀው በሰነድና በጎረቤት ምስክርነት ከሆነ፣ ሰነዱንና ጎረቤቱን ትቶ ወደ ሌላ ከተማ የሄደ ሰው አዲስ ዘር ይዞ መነሳት ይችላል ማለት ነው። ሎስ አንጀለስ ደግሞ ብዙው ሰው ከሌላ ቦታ የመጣባት፣ ስምን መቀየርም እንደ ነውር የማይታይባት ከተማ ነበረች።

የፊልም ሥራው የራሱን ምክንያት ጨመረበት። በ1915 በታየው «ዘ በርዝ ኦፍ ኤ ኔሽን» ዋና ዋናዎቹን የጥቁር ገጸ ባሕርያት የተጫወቱት ፊታቸውን ያጠቆሩ ነጮች ነበሩ። ከዚያም በኋላ ለጥቁር ተዋናይ የሚሰጠው ሚና በአብዛኛው ከአገልጋይነትና ከወጥ ቤት ሠራተኝነት አያልፍም ነበር። በ1930 የወጣውና ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የተሠራበት፣ የፊልም ኩባንያዎች ራሳቸው ያወጡት የሥነ ምግባር መመሪያ የሆነው የሄይስ ደንብ በነጭና በጥቁር መካከል የሚደረግ የፍቅር ግንኙነት በፊልም እንዳይታይ በግልጽ ከለከለ። የበረሃ ሼኮች፣ የሕንድ መሣፍንትና የሩቅ ደሴት ልጃገረዶች ታሪክ ግን ገበያ ነበረው። ሆሊውድ የጠየመ መልክን አልጠላም ነበር፤ ያስጨነቀው መልኩ ከየት እንደመጣ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። በሚዙሪ በ1881 የተወለደው ኖብል ጆንሰን በ1916 በጥቁሮች የሚመራውን የሊንከን ፊልም ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ነበር፤ በነጮቹ ስቱዲዮዎች ደግሞ የቀደምት አሜሪካውያንን፣ የዓረብንና የእስያን ሰዎች እየሆነ ሠርቷል። በ1932 ፊቱን በነጭ ቀለም ተቀብቶ ሩሲያዊ ኮሳክ ሆነ፤ በ1933 በ«ኪንግ ኮንግ» የደሴቲቱ ነዋሪዎች አለቃ ሆኖ ቀረበ። ይህ የተዋናይ ሥራ ነው። ፓሲንግ የሚጀምረው ሜካፑ ከታጠበ በኋላም ሚናው ሲቀጥል ነው።

ሲልቬስተር ሎንግ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በሰሜን ካሮላይና ቤተሰቡ በሕግ «ባለ ቀለም» ተብሎ የተመዘገበ፣ አባቱም የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው፤ እርሱ ግን ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ የሆነው የብላክፉት ሕዝብ አለቃ ሎንግ ላንስ ነኝ ብሎ በ1928 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ፣ በ1930 ደግሞ በ«ዘ ሳይለንት ኤነሚ» ዋና ሚና ይዞ ተጫወተ። ዝናው የትውልዱን ምርመራ አመጣበት፤ በ1932 በካሊፎርኒያ በጥይት ቆስሎ ሞቶ ተገኘ። ተዋናይዋ ዶና ድሬክ በበኩሏ ሜክሲኳዊት ነኝ ብላ ሪታ ሪዮ በሚል ስም የሴቶች ባንድ ከመራች በኋላ በ1942 በ«ሮድ ቱ ሞሮኮ» ታየች።

ከሁሉም ረዥም ጊዜ የዘለቀው ግን የኦርጋን ተጫዋቹ ኮርላ ፓንዲት ነው። ትክክለኛ ስሙ ጆን ሮላንድ ሬድ ሲሆን በ1921 በሚዙሪ ግዛት በሴንት ሉዊስ ከአንድ ጥቁር የባፕቲስት ፓስተር ተወለደ። ሎስ አንጀለስ ሲገባ የሙዚቀኞች ማኅበሩ ለነጭና ለጥቁር የተከፈለ ነበርና በመጀመሪያ ሁዋን ሮላንዶ ተብሎ ሜክሲኳዊ ሆነ፤ ቀጥሎ ከኒው ዴልሂ የመጣ የብራህሚን (የሕንድ የካህናት መደብ) ልጅ ሆነ። በ1949 በኬቲኤልኤ ቴሌቪዥን በጀመረው ዝግጅት ባለ ዕንቁ ጥምጥም ጠምጥሞ፣ ካሜራውን ትኩር ብሎ እያየ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ይጫወት ነበር። ዝምታው ለተመልካቹ ምሥጢራዊ ሆነ፤ ለእርሱ ደግሞ የሚዙሪ አነጋገሩ እንዳያጋልጠው መከታ ሳይሆን አይቀርም። በ1998 እስኪሞት ድረስ ፓንዲት ሆኖ ኖረ፤ እውነቱ በአደባባይ የወጣው በ2001 ነው። ወንድሙ በጥቁሮቹ ዓለም የታወቀ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ነበር፤ ዘመዶቹም ምሥጢሩን እያወቁ ጠበቁለት። ስለ ፓሲንግ ሲጻፍ ትውልዱን ስለሚደብቀው ሰው ብልሃት ብዙ ይባላል፤ አፋቸውን ዘግተው ስለኖሩት እኅትና ወንድሞች ግን የሚነገረው ጥቂት ነው።

እምቢ ያሉም ነበሩ። በሳቫና፣ ጆርጂያ የተወለደችው ፍሬዲ ዋሽንግተን መልኳ ነጭ፣ ዓይኖቿም ፈዛዛ ቀለም ያላቸው ነበሩ። በ1933 ከጥቁሩ ተዋናይ ከፖል ሮብሰን ጋር «ዘ ኤምፐረር ጆንስ»ን ስትሠራ፣ ሮብሰን ነጭ ሴት ያቀፈ እንዳይመስል ቆዳዋን የሚያጠቁር ሜካፕ ተቀባች። በ1934 «ኢሚቴሽን ኦፍ ላይፍ» ላይ እናቷን ክዳ ነጭ ለመሆን የምትሞክረውን ፒዮላን ተጫወተች፤ ብዙ ተመልካችም ተዋናይዋን ከገጸ ባሕርይዋ ሳይለይ ዘሯን የምትጠላ ሴት አድርጎ ወሰዳት። እርሷ ግን ነጭ ነኝ ማለትን በይፋ የናቀች፣ በ1937 የጥቁር ተዋንያንን ማኅበር ካቋቋሙት መካከል የነበረች ናት። ለነጭ ሚና ጥቁርነቷ፣ ለጥቁር ሚና ነጣ ማለቷ እየተቆጠረባት በዚያው ዓመት ገደማ ከፊልም ወጣች።

ፒዮላን የመሰሉ ሚናዎች በኋላ የተሰጡት ጥቁር ላልሆኑ ተዋንያን ነው። በ1949 «ፒንኪ» ላይ ጂን ክሬን፣ በ1959 «ኢሚቴሽን ኦፍ ላይፍ» እንደገና ሲሠራ ሱዛን ኮህነር ተጫወቱ፤ ሁለቱም ለኦስካር ታጩ። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ጥቁሯን የምትጫወተው ነጭ ከሆነች፣ ታሪኩ ምንም ቢል በስክሪኑ ላይ የሚሳሳሙት ሁለት ነጮች ናቸው። ያም ሆኖ የቴክሳሷ ማርሻል ከተማ «ፒንኪ»ን ከለከለች፤ ፊልሙን ያሳየው የሲኒማ ቤት ኃላፊም ተቀጥቶ፣ ቅጣቱ የተሻረለት በ1952 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው።