«ድምጿ ነው የጣላት» ለሚሉ

ስለ አሜሪካዊቷ የፊልም ተዋናይት ክላራ ቦው በተነሣ ቁጥር ያው ታሪክ ይደገማል። በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ንግሥት ነበረች፤ ባለድምፁ መጣ፤ አፏን ስትከፍት የብሩክሊን ሠፈር አነጋገሯ ጉዷን አወጣው፤ በቃ፣ ተረሳች ይባላል። ይህን የሚያወራ ሰው አንድም ባለድምፅ ፊልሟን አላየም።

የመጀመሪያው ባለድምፅ ፊልሟ «ዘ ዋይልድ ፓርቲ» በ1929 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ወጣ፤ ገበያውም ደራ። የሲኒማ ቤት ባለቤቶች በ1928ም በ1929ም ተመልካች በማምጣት አንደኛ ያሏት እሷን ነው። እስከ 1933 ድረስ በድምሩ 11 ባለድምፅ ፊልሞች ሠራች፤ በአንዳንዶቹም ዘፍናለች። ድምጿ ያስጠላ ተዋናይትን ማን ያዘፍናታል?

ያስጨነቃት ማይክሮፎኑ ነው። ድምፅ አልባ ፊልም ሲቀረጽ ዳይሬክተሩ ካሜራው እየዞረ ትእዛዝ ይጮኻል፣ ጥግ ላይ ሙዚቀኞች ስሜት የሚያመጣ ዜማ ይጫወታሉ፣ ተዋናይዋም እንደመጣላት ትሮጣለች፣ ትዘላለች። ድምፅ ሲመጣ ይህ ሁሉ ቀረ። የካሜራው ሞተር ስለሚሰማ ካሜራማኑ ከነካሜራው ድምፅ በማያስወጣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተዘጋበት። የካርቦን መብራቶች ስለሚያጉረመርሙ በአምፖል ተተኩ፤ ሙቀቱም ባሰ። ማይክሮፎኑ አበባ ማስቀመጫ ውስጥ ወይም ከመጋረጃ ጀርባ ስለሚደበቅ፣ ሁለት እርምጃ ከራቁ ወይም ፊታቸውን ካዞሩ ድምፁ ይጠፋል። ቆማ ለምትተውን ይህ ቀላል ነው፤ ለቦው ግን እግር ብረት ሆነባት። በትወናው መሃል ዓይኗ ወደ ማይክሮፎኑ ይሸሽ ነበር። ዳይሬክተሯ ዶሮቲ አርዝነር ማይክሮፎኑን በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ላይ አሰቅላ ከበላይዋ እንዲከተላት ያደረገችው እሷን ለማላቀቅ ነው።

ታዲያ ለምን ተወችው? በ1931 ከቀድሞ ጸሐፊዋ ጋር የነበራት ክስ ፍርድ ቤት ቀርቦ የግል ሕይወቷ የጋዜጣ መቀለጃ ሆነ። ጤናዋ ታወከ፣ ከስቱዲዮዋ ከፓራማውንት ወጣች፣ ያኔውኑ ተዋናዩን ሬክስ ቤልን አገባች። ለሌላው ስቱዲዮ ለፎክስ ሁለት ፊልም ሠርታ በ28 ዓመቷ በቃኝ አለች። ሥራ አጥታ አይደለም።

«የባለድምፁን ዘመን ከከፈተው ‹ዘ ጃዝ ሲንገር› ፊልም ማግስት ሁሉም ተናጋሪ ሆነ» የሚሉም አሉ። የ1927ቱ ፊልም ራሱ አብዛኛው በጽሑፍ ነው የሚነበበው፤ ሙሉ በሙሉ የሚናገረው ፊልም የመጣው በ1928 ነው።

«የውጭ አነጋገር ያላት አለቀላት»? ስዊድናዊቷ ተዋናይት ግሬታ ጋርቦ በ1930 በስዊድንኛ ቃናዋ ተናግራ ይበልጥ ገነነች።

«ተመልካቹ የሳቀው በድምፃቸው ነው» የሚባለውም ማሽኑን ይረሳል። በቪታፎን፣ ማለትም ድምፁ ከፊልሙ ተለይቶ በሸክላ በሚጫወትበት ዘዴ፣ ድምፁ የሚመጣው 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ካለው ሸክላ ነው፤ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ እየዞረ አንዱን የፊልም ጥቅል፣ 11 ደቂቃ ያህል፣ ያጅባል። ፊልሙ ተበጥሶ 24 ምስል ተቆርጦ ከተቀጠለ፣ ጥቅሉ እስኪያልቅ አፍና ድምፅ በአንድ ሰከንድ ይለያያሉ። መፍትሔው በጎደለው ልክ ጥቁር ፊልም ማስገባት ነው፤ ያንን ያልሠራ ኦፕሬተር ማንኛዋንም ተዋናይት ያስቅባታል።

ሌላዋ የድምፅ አልባው ዘመን ተዋናይት ሉዊዝ ብሩክስም «ድምጿ አይሆንም» ተብላለች። በ1929 «ዘ ካናሪ መርደር ኬዝ» ላይ ድምፅ ለማስገባት ተመለሺ ስትባል እምቢ አለች፤ ስቱዲዮው የሌላ ተዋናይት፣ የማርጋሬት ሊቪንግስተንን ድምፅ ለጠፈበት። በዚያ ፊልም የብሩክስን ድምፅ ሰምቼ አልወደድኩትም የሚል ሰው የሰማው ሊቪንግስተንን ነው።