«ደረጃ በደረጃ» ሲባል «ሲመቸን» ማለት ነው?

የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን (እ.ኤ.አ. 1966) መንግሥታት መብቶቹን «ደረጃ በደረጃ» እንዲያሟሉ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ቃሏ ለሰነፍ መንግሥት ማምለጫ ትመስላለችና።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሆስፒታል በአንድ ጀንበር አይሠራም፤ ጊዜ የተሰጠው ለዚህ ነው። አድልዎ አለማድረግና ሰው ያለውን አለመንጠቅ ግን ቀጠሮ የላቸውም።

በዌስት ባንክ፣ ከኬብሮን ከተማ በስተደቡብ ያሉትን ኮረብታዎች እንይ። የፍልስጤም እረኞች የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙት በጉድጓድ ነው። አካባቢው በአብዛኛው «ሲ ክልል» በሚባለው፣ በእስራኤል ቁጥጥር ሥር ባለው የዌስት ባንክ ክፍል ውስጥ ይገኛል። የግንባታ ፈቃድ በእስራኤል እጅ ነው፤ ለፍልስጤማውያን ደግሞ እምብዛም አይሰጥም። ያለ ፈቃድ የተሠራ ጉድጓድ ሊፈርስ ይችላል፤ የፈረሱም አሉ። ጉድጓድ ላለማፍረስ እኮ በጀት አያስፈልግም!

ታዲያ ተጠያቂው ማነው? እስራኤል ቃል ኪዳኑን እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች፤ ዌስት ባንክን ግን አይመለከትም ትላለች። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 በሰጠው የምክር አስተያየት ይመለከታል ብሏል። ፍልስጤምም እ.ኤ.አ. በ2014 ቃል ኪዳኑን ተቀላቅላለች። ስለዚህ ራሱ በሚያስተዳድራቸው ከተሞች፣ ለምሳሌ በራማላ ወይም በናብሉስ፣ ላለ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የፍልስጤም አስተዳደርም ይጠየቃል።